ብዙ ቦታ ብድር ጠይቀው ባንኩ «ገቢዎን እንይ» ሲልዎት፦ ፋይልዎን እንዴት እንደሚያዘጋጁ

ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ሂሳብ ከምሠራላቸው ነጋዴዎች በየጊዜው የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ሦስት ባንክ አመልክቼ ነበር። አሁን አንደኛው የዓመት ስቴትመንት፣ የግብር ወረቀትና የዕዳ ዝርዝር አምጣ ብሎኛል። ምን አጥፍቼ ነው? ምንስ ላቅርብ?» ለእያንዳንዱ በስልክ ከምመልስ እዚህ በተራ አስቀምጬዋለሁ።

የተጠሩት ጥፋት ስለተገኘብዎት አይደለም። ባንኩ በአጭር ጊዜ ብዙ ቦታ ብድር የጠየቀ ሰው ሲያይ ሁለት ነገር ይጠረጥራል፤ ወይ እጅ አጥሮታል፣ ወይ ሁሉም ቢፈቀድለት አንድ ገቢ ሦስት ወርሃዊ ክፍያ ሊሸከም ነው። ምርመራው የሚፈልገው ለእነዚህ ለሁለቱ መልስ ነው። ባንኮች ብድር ከመፍቀዳቸው በፊት የብሔራዊ ባንክን የብድር መረጃ ቋት ስለሚያዩ፣ ሌላ ባንክ ያለብዎት ብድር ተደብቆ አይቀርም። እንግዲህ ዋናው ሥራዎ የሚያቀርቧቸው ወረቀቶች ሁሉ አንድ ዓይነት ቁጥር እንዲናገሩ ማድረግ ነው።

የሚያስፈልግዎት

- የፋይዳ መታወቂያ፣ የታደሰ ንግድ ፈቃድና የንግድ ምዝገባ፣ 10 አሃዝ ያለው የግብር ከፋይ መለያ (ቲን) ቁጥር
- የጋብቻ ወይም ያላገባ ማስረጃ
- ባለዎት አካውንት ሁሉ የ12 ወር ስቴትመንት፣ ማህተም ያለበት (የቴሌብርም ጭምር)
- ግብር የከፈሉበት ደረሰኝና የግብር ክሊራንስ (የግብር ዕዳ እንደሌለብዎት የሚገልጽ ማስረጃ)
- የሱቅ ኪራይ ውል ወይም የቤት ካርታ፤ መኪና ወይም ባጃጅ ካለዎት ሊብሬ
- የከፈሉት ብድር ካለ፣ ዕዳው ማለቁን የሚገልጽ ደብዳቤ
- የዕቃ መግዣ ደረሰኞች፣ የዱቤ ደብተር፣ የዕቁብ ደብተር
- ሦስት ቀለም እስክሪብቶ ወይም ማቅለሚያ፣ አንድ ክላሰር

ደመወዝተኛ ከሆኑ፣ ለምሳሌ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ወይም መንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሠሩ ከሆነ፣ ከንግዱ ወረቀት ይልቅ የተጣራ ደመወዝዎንና ተቀናሹን የሚያሳይ የመሥሪያ ቤትዎ ደብዳቤ ይያዙ። ለእርስዎ ደረጃ 4፣ 5 እና 7 በአብዛኛው አይመለከትዎትም፤ ሌላው ግን ያው ነው።

ደረጃ 1፦ አዲስ ማመልከቻ ያቁሙ፣ የተጀመሩትንም ይሰርዙ

ምርመራው ከተጀመረ በኋላ የሚገባ እያንዳንዱ ማመልከቻ «እጅ አጥሮታል» የሚለውን ጥርጣሬ ያጠናክራል። በስልክ የሚወሰደው ትንሽ ብድርም ይቆጠራል። ቴሌብር መላም ሆነ «ምቹ» የሚባለው ከጀርባው ባንክ ያለበት ብድር ነው፤ «የስልክ ገንዘብ ናት» ብለው አይናቁት።

አንድ ባንክ ይምረጡና ለሌሎቹ «ማመልከቻዬን ሰርዣለሁ» የሚል አጭር ደብዳቤ ያስገቡ። በእጅዎ በሚቀረው ቅጂ ላይ ማህተምና ቀን ያስደርጉ፤ ይህ ቅጂ ለምርመራው ትልቁ ማስረጃዎ ነው። የትኛውን ልያዝ ቢሉ፣ የዕለት ሽያጭዎን የሚያስገቡበትን ይያዙ። የገንዘብዎን መውጫና መግቢያ የሚያውቀው እሱ ስለሆነ የሚጠይቅዎት ነገር ያንሳል።

ጥንቃቄ፦ አንድ ካርታ ለሁለት ባንክ መያዣ አድርገው አያቅርቡ። አንዱ ባንክ ብድሩን ሲፈቅድ ቤቱ ላይ እገዳ ያስመዘግባል፤ ሁለተኛው ሲያጣራ ይህንኑ ያገኘዋል። ከዚያ በኋላ የሚሰጡት ማብራሪያ ሁሉ ዋጋ ያጣል።

ደረጃ 2፦ የተጠየቁትን በትክክል ይወቁ

«ሰነድ ይዘህ ና» ብቻ ተብለው ከሆነ ቅርንጫፉ ድረስ ሄደው የብድር ባለሙያውን እነዚህን ይጠይቁ፤ መልሱንም እዚያው ይጻፉት። ስቴትመንቱ የስንት ወር ነው? የየትኛው ዓመት ግብር? ኦሪጅናል ነው ወይስ ኮፒ? እስከ መቼ ድረስ? ፋይሉ ከቅርንጫፍ ወደ ዲስትሪክት (የቅርንጫፎቹ የበላይ ቢሮ) ይሄዳል ወይ? ወደ ዲስትሪክት የሚሄድ ከሆነ አንድ ወረቀት ጎደለ ማለት ፋይሉ ተመልሶ እንደገና ወረፋ ይዞ መጠበቅ ነው። ኮምቦልቻ ላለ ሰው ደግሞ ለአንዲት ኮፒ ሲባል በሐረጎ ዳገት ወደ ደሴ መመላለስ ነው።

ጥንቃቄ፦ ደውሎ የኤቲኤም የሚስጥር ቁጥር፣ የሞባይል ባንኪንግ ፒን ወይም በአጭር መልእክት የመጣ ኮድ የሚጠይቅ ሰው የባንኩ መርማሪ አይደለም። ለገቢ ምርመራ ከእነዚህ አንዱም አያስፈልግም። ስልኩን ዘግተው በአካል ይሂዱ።

ደረጃ 3፦ ዕዳዎንና ማመልከቻዎን በአንድ ገጽ ይዘርዝሩ

ባዶ ወረቀት ላይ ስድስት ዓምድ ያስምሩ፦ አበዳሪው፣ የተጠየቀበት ወይም የተወሰደበት ቀን፣ መጠኑ፣ አሁን ያለበት ሁኔታ (ተፈቅዷል፣ ተከልክሏል፣ ተሰርዟል)፣ ቀሪው ዕዳ፣ ወርሃዊው ክፍያ። ባንኩ ከመረጃ ቋቱ የሚያገኘውን ከዚህ ገጽ ጋር ያስተያየዋል። ከእርስዎ ዝርዝር የጎደለ ነገር ካገኘ ሌላውንም ማመን ይከብደዋል።

ሰው ሁልጊዜ የሚረሳቸው እነዚህን ነው፦

- የብድርና ቁጠባ ማኅበር ወይም የአነስተኛ ብድር ተቋም ዕዳ። አብቁተ (የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም) በነበረበት ዘመን የተወሰደና ዛሬ ፀደይ ባንክ ውስጥ ያለ ቀሪ ሂሳብም ከዚሁ ይገባል
- ለሌላ ሰው የገቡት ዋስትና። እሱ ካልከፈለ ከፋዩ እርስዎ ስለሆኑ በዝርዝሩ መግቢያ አለው
- ከጅምላ ሻጭ በዱቤ የወሰዱት ዕቃ
- የወጣ ዕቁብ። ዕጣው ደርሶዎት ገንዘቡን ከተቀበሉ፣ ከዚያ በኋላ የሚጥሉት እያንዳንዱ ዙር የዕዳ ክፍያ ነው። ገና ያልደረሰዎት ከሆነ ግን ቁጠባ ነው፤ ሁለቱን አይቀላቅሉ

ከፍለው የጨረሱት ብድር አሁንም «አለ» ተብሎ ቢነገርዎ፣ ያበደረዎት ተቋም ዘንድ ሄደው ዕዳው ማለቁን የሚገልጽ ደብዳቤ ይውሰዱ፤ ለብሔራዊ ባንክ ያስተላለፈውን መረጃም እንዲያስተካክል በጽሑፍ ይጠይቁ። መረጃውን የላከው ያ ተቋም ስለሆነ ማረሚያው የሚጀምረው ከእሱ ነው።

ስምዎንም እዚሁ ላይ ያመሳስሉ። ወሎ ውስጥ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ፋይዳው ላይ መሐመድ፣ ንግድ ፈቃዱ ላይ ሙሐመድ፣ አሮጌው የባንክ ደብተር ላይ ሞሀመድ የተባለ ሰው ፋይሉ በዚያ ብቻ ይቆማል። ፋይዳውን መነሻ አድርገው ሌሎቹን ያሳርሙ።

ደረጃ 4፦ ስቴትመንቱን በቀለም ይለዩት

ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚወስደው ይህ ነው፤ አይቸኩሉበት። የብድር ባለሙያው ስቴትመንቱን ሲያነሳ መጀመሪያ የሚያየው ጠቅላላ ገቢውን ነው። ወደ አካውንት የገባ ብር ሁሉ ግን ሽያጭ አይደለም። እርስዎ ለይተው ካላሳዩት እሱ በግምት ይለየዋል፤ ግምቱም እርስዎን የሚጠቅም ላይሆን ይችላል።

በአንድ ቀለም ትክክለኛ ሽያጩን ያቅልሙ። በሁለተኛው ቀለም ከራስዎ ሌላ አካውንት የተዛወረውን፣ የዕቁብ ገንዘቡን፣ የተበደሩትንና ከውጭ አገር ዘመድ የላከልዎትን ያቅልሙ። በሦስተኛው ደግሞ የእርስዎ ያልሆነውን፣ በእጅዎ የሚያልፍ ብቻ የሆነውን ያቅልሙ። የቴሌብር ወኪሎች፣ የእህል ደላሎች፣ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ላይ በትራንዚት ሥራ ያላችሁ በተለይ ሦስተኛውን ቀለም በደንብ ተጠቀሙበት። በአካውንታችሁ ሚሊዮን አልፎ የእናንተ ድርሻ ኮሚሽኑ ብቻ ሊሆን ይችላል። ይህን ካላሳያችሁ ያስመዘገባችሁት ገቢ ከስቴትመንቱ ጋር ሰማይና ምድር ይሆናል።

ተለቅ ካለው እያንዳንዱ ገቢ ጎን ምንጩን በሁለት በሦስት ቃል ይጻፉ፦ «ከወንድሜ፣ ከጅዳ»፣ «የዕቁብ ዕጣ»፣ «ባጃጅ ሽያጭ»። ማስረጃ ያለው ከሆነ ኮፒውን ከኋላ ያያይዙ።

ባንኩ ወደኋላ ሄዶ የ2014ን ሁኔታ ከጠየቀ፣ ከተሞቻችን በጦርነቱ ከተያዙበት ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ 2014 ያለው እንቅስቃሴ ባዶ መሆኑ የሚጠበቅ ነው። ሱቅዎ ተዘርፎ ወይም ደብተርዎ ጠፍቶ ከነበረ፣ ያኔ ለቀበሌ ወይም ለፖሊስ ያስመዘገቡበትን ወረቀት ያያይዙ። የጠፋውን ደብተር አሁን ቁጭ ብለው አይጻፉት፤ አዲስ ወረቀት ላይ የተጻፈ አሮጌ ሂሳብ ሲታይ ያስታውቃል።

ደረጃ 5፦ ግብሩንና ስቴትመንቱን ያስታርቁ

በመጀመሪያው ቀለም ያቀለሙትን ሽያጭ ይደምሩና ለገቢዎች ካሳወቁት ዓመታዊ ሽያጭ ጋር ያስተያዩት። የበጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ስለሆነ ስቴትመንቱንም በዚያው ልክ ይቁረጡት፤ ከመስከረም እስከ ነሐሴ ከደመሩት ቁጥሩ በፍጹም አይገጥምም። ልዩነት ከተገኘ ምክንያቱን በአንድ አንቀጽ ይጻፉ። በጥሬ ገንዘብ ሸጠው በጥሬው ዕቃ የገዙበት ከሆነ ደረሰኙን ያሳዩ።

ልዩነቱ ያላሳወቁት ሽያጭ ሆኖ ከተገኘ፣ መፍትሔው ለባንኩ ሌላ ወረቀት መሥራት አይደለም። ሂሳብ ሠራተኛዎን ይዘው ገቢዎች ዘንድ ሄደው ማስተካከል ነው። ይህ ገንዘብ ያስወጣዎታል፤ ቢሆንም ብድሩ ቀርቶብዎት እንኳ የሚያዋጣው እሱ ነው።

ጥንቃቄ፦ ለባንክ አንድ፣ ለገቢዎች ሌላ የሂሳብ መግለጫ የሚያዘጋጁ ሰዎች አሉ። ሐሰተኛ ሰነድ ማቅረብ ወንጀል ነው፤ ፊርማውም የእርስዎ ስለሆነ ተጠያቂው እርስዎ ነዎት።

ደረጃ 6፦ የመክፈል አቅምዎን ራስዎ ያስሉ

ባለሙያው ይህን ስሌት በእርግጥ ይሠራዋል። ቀድመው ከሠሩት የሚጠይቁትን መጠን ልክ ያውቃሉ።

ሰኞ ገበያ ጨርቅ የምትሸጥ ነጋዴ እንውሰድ። በጥር ወር አካውንቷ የገባው 640,000 ብር ነው። ከዚህ 120,000ው ከሌላ ባንኳ የተዛወረ፣ 80,000ው የዕቁብ ዕጣ፣ 40,000ው ከወንድሟ የተበደረችው ነው። ሽያጯ እንግዲህ 400,000 ብር ብቻ ነው።

- የዕቃው መግዣ 320,000፤ ትርፉ 80,000
- ኪራይ 12,000፣ የሠራተኛ 6,000፣ ጉዞ፣ መብራትና ሌላ 7,000፤ የቀረው 55,000
- ለግብር የምታስቀምጠው 8,000፤ የቀረው 47,000
- የቤት ወጪ 22,000፤ የቀረው 25,000
- የአነስተኛ ብድር ክፍያ 6,500፣ የወጣው ዕቁብ 10,000፤ የቀረው 8,500

ሦስት ባንክ የጠየቀችው 300,000 ብር ነው። ወለዱ በዓመት 18 በመቶ፣ ጊዜው 2 ዓመት ነው ብለን ብንይዝ ወርሃዊ ክፍያው 14,980 ብር ገደማ ይመጣል። ያላት 8,500 ነው። ባንኩ ይህን አይቶ ሲከለክላት «ሰው የለኝም» ብላ አራተኛ ባንክ ትሄዳለች፤ ነገሩ ግን የሰው ጉዳይ አይደለም፣ ቁጥሩ አልሞላም።

ሁለት መንገድ አላት። አሁኑኑ 150,000 ብትጠይቅ ክፍያው 7,490 ገደማ ስለሚሆን ያቅማታል፤ ያውም ጠበብ ብሎ። ወይም ዕቁቡ አምስት ወር የቀረው ከሆነ እስኪያልቅ ትጠብቅ፤ ያን ጊዜ በወር 18,500 ስለሚቀራት 300,000ውን መጠየቅ ትችላለች። እኔ የምመክረው፣ ገበያው የማያስቸኩላት ከሆነ፣ መጠበቁን ነው።

ስሌቱን በአንድ ጥሩ ወር ብቻ አይሥሩት። የረመዳንና የዒድ፣ የገናና የፋሲካ ሰሞን ሽያጭ ከክረምቱ ወር ጋር አንድ አይደለም። የ12ቱን ወር አማካይ ይያዙ፤ ከዚያ ደካማውን ወር ለብቻው አውጥተው «በዚህ ወርስ ከምን እከፍላለሁ?» ብለው መልሱን ይጻፉ። የብድር ባለሙያዎች ይህችን ጥያቄ ይወዷታል።

ከወለድ ነፃ በሆነው መስኮት በሙራባሃ የጠየቁ ከሆነም ስሌቱ አይለወጥም። ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ ትርፍ ጨምሮ ይሸጥልዎታል፤ በወለዱ ክፍያ ፋንታ የተስማሙበትን ወርሃዊ ክፍያ ያስገባሉ። ዕቃውን የሚያቀርበው ነጋዴ የሰጠዎትን የዋጋ ማቅረቢያ መጨመር ብቻ ነው።

ደረጃ 7፦ ሱቁን ለጉብኝት ያዘጋጁ

ባለሙያው መጥቶ ዕቃውን ያያል። ንግድ ፈቃዱና የግብር የምስክር ወረቀቱ ግድግዳ ላይ ይሰቀሉ፤ የዕቃ ቆጠራ ዝርዝር በመግዣ ዋጋ ይዘጋጅ። የጎረቤት ዕቃ አምጥቶ መደርደሪያ መሙላት አያስፈልግም፤ ቆጠራው ከደረሰኙ ጋር ይታያል።

ደረጃ 8፦ የማብራሪያ ደብዳቤ ይጻፉና ፋይሉን ያስገቡ

ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይለፍ። እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ጉዳዩ፦ ስለ ብድር ጥያቄዬ ማብራሪያ ስለማቅረብ
ለሥራ ማስኬጃ የሚውል 150,000 ብር መጠየቄ ይታወሳል። ለዚሁ ዓላማ ለሌሎች ሁለት ባንኮችም አመልክቼ የነበረው ቀድሞ የሚፈቅደውን አንዱን ለመያዝ ነው፤ ሁለቱንም በደብዳቤ ስለሰረዝኩ ቅጂው ተያይዟል። ያሉብኝ ዕዳዎች ሁሉ በአባሪ 1፣ የመክፈል አቅሜ ስሌት በአባሪ 2፣ ምንጩ የተብራራ ስቴትመንት በአባሪ 3 ቀርቧል። ተጨማሪ ማስረጃ ካስፈለገ ለማቅረብ ዝግጁ ነኝ።»

«ሦስት ቦታ ለምን?» ለሚለው እውነተኛውን ምክንያት ይስጡ። ዋጋ ለማወዳደር ከሆነ እንደዚያ ይበሉ፤ የጅቡቲ ዕቃ ደርሶ ገንዘብ ቸግሮዎት ከሆነም እሱኑ ይበሉ። ቀጥተኛ ምክንያት ማንንም አያስከፋም።

ሲያስገቡ የአባሪዎቹን ዝርዝር በሁለት ቅጂ ይዘው አንዱ ላይ ያስፈርሙ። ሙሉውን ፋይል በስልክዎ ፎቶ አንስተው ያስቀሩ። ባለትዳር ከሆኑ ባለቤትዎ ዛሬውኑ ይወቁ፤ የጋራ ንብረት መያዣ ሲሆን የእሳቸውም ፊርማ ስለሚጠየቅ በመጨረሻው ቀን መስማታቸው ነገር ያበላሻል።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስህተቶች

ስቴትመንት ከመውጣቱ በፊት ተበድሮ አካውንት ማወፈር። ሰኞ 200,000 ገብቶ ሐሙስ ከወጣ ባለሙያው ይህን ለይቶ ያወጣዋል፤ እርስዎም ምንጩን ማስረዳት ይጠበቅብዎታል።

ለአንዱ ባንክ ወርሃዊ ገቢን 40,000፣ ለሌላው 90,000 ብሎ መጻፍ። ቅጹን ሲሞሉ ያለፈውን ቅጽ ቅጂ ከፊትዎ ያስቀምጡ።

«ብድሩን አስጨርሳለሁ፣ ከመቶ ይሄን ያህል ስጠኝ» ለሚል ደላላ ገንዘብ መስጠት፣ ወይም ባዶ ቅጽ ላይ ፈርሞ ማስረከብ። በዚያ ቅጽ ላይ ሌላ ሰው የሚጽፈው ቁጥር የእርስዎ ቃል ሆኖ ይቀመጣል።

ዘመድን ሳያስረዱ ቤቱን ማስያዝ። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ በመያዣ የያዘውን ንብረት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ቤቱን የሚሰጥዎት አባትዎ ወይም አጎትዎ ይህን ከመፈረማቸው በፊት ከእርስዎ አፍ ይስሙት።

ደረጃ 9፦ ውጤቱ ሲመጣ

ከጠየቁት ያነሰ ከተፈቀደ፣ የጎደለውን ከሌላ ቦታ ለመሙላት አይሩጡ፤ በተፈቀደው ልክ የሚገዙትን ዕቃ ይከልሱ። ከተከለከሉ ምክንያቱን ባለሙያውን ቁጭ ብለው ይጠይቁ። የመያዣው ግምት አንሶ ነው? የመክፈል አቅም ነው? መረጃ ቋቱ ውስጥ የታየ ነገር አለ? ሦስቱም የተለያየ መድኃኒት አላቸው፤ ምክንያቱን ሳያስተካክሉ ሌላ ባንክ ቢሄዱ የሚያገኙት ያንኑ መልስ ነው።

በምርመራው መሀል ያለብዎት ብድር ክፍያ እየዘገየ ከሆነ ግን የአዲሱን ነገር ትተው መጀመሪያ ወደ እሱ ይሂዱ። ክፍያው 90 ቀን ካለፈ ብድሩ ከተበላሹ ብድሮች ተርታ ይመደባል፤ ከዚያ ወዲያ የሚያመለክቱበት ባንክ ሁሉ ይህን ያየዋል። አንድ ወር እንደዘገየ ሄደው የክፍያ ጊዜው እንዲራዘምልዎት በጽሑፍ ይጠይቁ። የደረጃ 6ን ስሌት ያያይዙ፤ በወር ስንት መክፈል እንደሚችሉ በቁጥር ይጥቀሱ፤ እዚያው ቀን የተወሰነም ቢሆን ከፍለው ደረሰኙን ክላሰሩ ውስጥ ያስገቡ።